ምስጢር ወይስ ምስክር?

ባለፈው ክረምት፣ በወጣቶች ኅብረታችን የንባብ ክበብ፣ አንድ ወንድም በሁለት ሌሊት የጨረሰውን ወፍራም ልብ ወለድ ይዞ መጣ። መጽሐፉ ውስጥ ገዳም አለ፣ ሰላይ አለ፣ በብራና ላይ የተጻፈ ምልክት አለ፣ አገር የሚለውጥ የተደበቀ ኃይል አለ። ሲተርክልን ውጭ የሚጥለውን ዝናብ እንኳ ረስተን ነበር። ሲጨርስ አንዲት እህት፣ «ቆይ፣ ግን እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

መልሱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «እውነት ስለሆነማ ነው ልብ ወለድ ያደረጉት! በግልጽ ቢጽፉት ኖሮ ይገደሉ ነበር።»

ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። የክበቡ አስተባባሪ እኔ ነኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም ማለቴ ምን ያህል ስሕተት እንደ ነበር የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ዛሬ ዝም አልልም።

እስቲ አባባሉን እንመርምረው። ማስረጃ ከተገኘ ነገሩ እውነት ነው። ማስረጃ ካልተገኘም ነገሩ እውነት ነው፤ ማስረጃው የጠፋው ስለ ደበቁት ነዋ! እንዲህ ያለውን ክርክር ማንም ሊያሸንፈው አይችልም። የማይሸነፈው ግን ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ለምርመራ በሩን ስለ ዘጋ ነው። በር ከዘጋ ሐሳብ ጋር መኖር የለመደ ወጣት ደግሞ ነገ ማንም መጥቶ ምንም ቢነግረው ያምናል።

«ልብ ወለድ አታንብቡ» ለሚሉን

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ይህ ጽሑፍ ልብ ወለድን የሚከለክል አይደለም። «ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ ክርስቲያን ውሸት አያነብም» የሚሉ አባቶችና እናቶች በየአጥቢያችን አሉ። ለነፍሳችን ስለሚያስቡ አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ የጀመረው በታሪክ ነበር። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ያለውን እናስታውስ። አንዲት በግ ብቻ የነበረችው ድሃ ሰው፣ የድሃውን በግ የወሰደ ባለጠጋ። ኦርዮን በጦርነት መካከል አስገድሎ ነገሩን የሸፈነው ንጉሥ ታሪኩን ሰምቶ ተቆጣ፤ በባለጠጋውም ላይ ፈረደ። ወንጀለኛው ራሱ ዳኛ ሆኖ በራሱ ላይ እንዲፈርድ ያደረገ፣ ከዚህ የበለጠ የወንጀል ምርመራ ታሪክ አላነበብኩም።

በውጭው ዓለምም የዚህ ዓይነት ድርሰት ታላላቅ ሰዎች ክርስቲያኖች ነበሩ። እንግሊዛዊው ጂ. ኬ. ቼስተርተን እ.ኤ.አ. በ1911 በታተመው መጽሐፉ ወንጀል የሚመረምር ትሑት ቄስ ፈጠረ፤ አባ ብራውን ይባላል። ዶሮቲ ሴየርስ ታዋቂ የመርማሪ ልብ ወለዶችን የጻፈች ሴት ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጌታን ሕይወት በተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ለአገሯ ሕዝብ ያቀረበችውም እርሷ ናት። ሮናልድ ኖክስ የተባለ ካህን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ አሥር ሕጎች አወጣ። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢውም ማየት አለበት አለ። ወንጀለኛው መጨረሻ ላይ ከሰማይ እንደ ወረደ ሰው ዱብ እንዲል አልፈቀደም። ምስጢራዊ ክፍል ወይም መተላለፊያ ከአንድ በላይ እንዳይኖር ከለከለ! ካህን ሆኖ ሳለ ምስጢሩ በመናፍስት ሥራ እንዲፈታ አልፈቀደም። ይህን ያደረገው ከሰው ዓይን የተሰወረ ኃይል መኖሩን ስለሚክድ አይመስለኝም። አንባቢን ማታለል ስለማይገባ ነው።

የሕጎቹ መንፈስ አንድ ነው፤ ማንንም ያለ ማስረጃ አትክሰስ፣ አንባቢህንም ያለ ማስረጃ እመነኝ አትበለው። ጥሩ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ የሚያስተምረን ይህን ነው።

የእኛ ልብ አንጠልጣዮች

አማርኛም በዚህ ድርሰት ድሃ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን ካስለመዱን ቀዳሚዎች አንዱ ነው። አንጋፋው ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን እየተረጎሙ ለአንድ ትውልድ አስነብበዋል። በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ዙሪያ፣ በአስመራ፣ ሰላይና ፍቅር እየተጠላለፉ የሚሄድ ልብ አንጠልጣይ ነው። በዓሉ ግን ያልነበረበትን አልጻፈም። ዘመቻውን በቅርብ ያየ ሰው ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። እንግዲህ «በግልጽ ቢጽፉት ይገደሉ ነበር» ለሚለው ወንድማችን መልሱ እዚህ አለ፤ ልብ ወለድ መሆኑ በዓሉን አልደበቀውም። አደገኛ ያደረገው ምስክርነቱ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ፋሽኑ ተለወጠ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት፣ የውጭ የስለላ ድርጅቶችንና በባሕር ማዶ ያለ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስትን በአንድ ላይ አስተሳሰረ፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»፣ «ዝጎራ»፣ «መርበብት» እና «ሰበዝ» አንባቢውን ወደ ጥንታዊ ገዳማት እየወሰዱ ምስጢር ያሳድዳሉ። እነዚህ መጻሕፍት ብዙ ወጣት ወደ ንባብ አምጥተዋል። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። የመጀመሪያውን ወፍራም መጽሐፌን የጨረስኩት በእነርሱ ነው፤ ምስጋና አልነፍጋቸውም። ደራሲ የመፍጠር መብት አለው።

ጠቤ ከቀመሩ ጋር ነው፤ ከቀመሩ ይልቅም ቀመሩን ሳናላምጥ ከምንውጠው ከእኛ ጋር ነው። በዚህ ቀመር መሠረት እውነት ሁልጊዜ የተቆለፈባት ናት። ቁልፉ በጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ተራው ሕዝብ፣ አራሹ፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ ተማሪው፣ ምንም አያውቅም፤ ቢያውቅም ምንም አይለውጥም። ታሪክን የሚሠሩት የተመረጡት ናቸው። ድህነታችን ደግሞ የማንም ስንፍና ወይም ግፍ ውጤት አይደለም፤ የተሰወረ ጠላት ሴራ ነው። መፍትሔውም ሥራና ፍትሕ መሆኑ ቀርቶ አንድ ቀን የሚከፈት ሣጥን ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በመላው ዓለም የተነበበው የዳን ብራውን «ዳ ቪንቺ ኮድ» እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ በመጀመሪያ ገጹ ላይ አንድ ጥንታዊ ምስጢራዊ ማኅበር በእርግጥ እንደ ነበረ፣ ሰነዱም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንደ ተገኘ ነገረን። ሰነዱ በእርግጥ እዚያ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፒየር ፕላንታር የተባለ ሰውና ግብረ አበሮቹ ራሳቸው ፈጥረው ያስቀመጡት ሐሰተኛ ሰነድ ነበር። ስንት ሚሊዮን አንባቢ በዚያ ገጽ ተታለለ! ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ ይህን አደጋ ቀድሞ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው «የፉኮ ፔንዱለም» ውስጥ ሦስት የመጽሐፍ አርታኢዎች ለቀልድ ብለው ምስጢራዊ ሴራ ይፈጥራሉ። ሌሎች ያምኑታል፣ በመጨረሻም ሰው ይሞታል። ቀልዱ ደም አፈሰሰ።

ከልብ ወለዱ ወደ ምስባኩ

«ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። የሚጎዳውን ልንገራችሁ። ያ በንባብ ክበባችን የተናገረው ወንድም ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ወንድማችን ከገጠር መጥቶ ሶዶ ከአክስቱ ቤት እየኖረ ነው የተማረው። አክስቱ ገበያ ቅቤ እየሸጡ ደብተርና ጫማ የገዙለት ሴት ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው በአንድ የኪራይ አዳራሽ ፕሮግራም አዘጋጀ። ወንድማችን ሄደ። ሰውየው ከሕዝቡ መካከል ለይቶ አስነሣው፤ «መንገድህን የዘጋብህ አለ። ሩቅ አትፈልገው። የምትበላበት ቤት ውስጥ ነው፤ ሴት ናት» አለው። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

አያችሁ? ይህ የልብ አንጠልጣዩ ቀመር ራሱ ነው። የተደበቀ ጠላት፣ የተቆለፈ ዕጣ፣ ቁልፉን የያዘ አንድ የተመረጠ ሰው። ወንድማችን ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት አሥር ጊዜ አንብቦታል፤ ስለዚህ ሲሰማው አዲስ አልሆነበትም። ማስረጃ ለመጠየቅ አልተለማመደም ነበር። በዚያው ማታ አክስቱን ፊት ለፊት ከሰሳቸው። እሳቸው አልጮኹም። የሚያገላብጡትን እንጀራ አወጡና በወላይትኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ምን አይተህ ነው?»

መልስ አልነበረውም። ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። ለፈተናው የቀሩትን ሳምንታት በጓደኛ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ አሳለፈ። ፈተናው አልተሳካም። ነቢይ ነኝ ባዩ ግን ያን ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ አልፎ ነበር።

በትንቢት አላምንም እያልኩ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 5 ትንቢትን እንዳንንቅ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ሁሉን እንድንፈትን ያዝዛል። ሁለቱ ትእዛዛት ተለያይተው አያውቁም። ሙሴም በዘዳግም 19፥15 ሰው በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ቃል እንጂ በአንድ ሰው ቃል እንዳይፈረድበት ደንግጓል። አንዲት ቅቤ ሻጭ እናት ያለ አንድ ምስክር ስትከሰስ እልል ያለ ጉባኤ የትኛውን ሕግ ይዞ ነው እልል ያለው?

ወንጌል በማዕዘን አልተሠራም

የእምነታችን መሠረት ምን ይመስላል? ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት ሲጠየቅ በግልጥ እንዳስተማረ፣ በስውር የተናገረው ነገር እንደሌለ፣ የሰሙትንም እንዲጠይቁ መለሰ፤ በዮሐንስ 18 ይገኛል። ጳውሎስ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ቆሞ ነገሩ በማዕዘን ተሸሽጎ ያልተደረገ መሆኑን ተናገረ። ስለ ትንሣኤ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ጌታን በአንድ ጊዜ ያዩት ከአምስት መቶ የሚበልጡ እንደ ነበሩ፣ አብዛኞቹም ገና በሕይወት እንዳሉ ጠቀሰ። ይህ ምን ማለት ነው? ሂዱና ጠይቋቸው ማለት ነው! ሉቃስም ወንጌሉን የጀመረው ሁሉን ከመጀመሪያ በጥንቃቄ እንደ ተከታተለ፣ ከዓይን ምስክሮች እንደ ተቀበለ በመናገር ነው።

«ወንጌልም ምስጢር ይባላል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቆላስይስ 1፥26ን አንብቡት። ተሰውሮ የነበረው አሁን ለቅዱሳኑ ሁሉ የተገለጠ ምስጢር ነው። ለጥቂቶች የተሸጠ አይደለም። በአደባባይ የሚሰበክ ምስጢር ከተቆለፈ ሣጥን ጋር ምን ኅብረት አለው? በግእዝ «ሰማዕት» የሚለው ቃል መሠረቱ ምስክርነት ነው። አባቶቻችን ነፍሳቸውን የሰጡት ምስጢር ስለ ደበቁ ሳይሆን ስለ መሰከሩ ነው።

የካዎ ጦና ወርቅ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከክበባችን መጻፍ የሚወዱ ሁለት ወጣቶች አዲስ ልብ ወለድ ጀምረናል ብለው አጫወቱኝ። ታሪኩ በዳሞታ ተራራ ዋሻ ውስጥ ስለ ተደበቀ የካዎ ጦና ወርቅና ወርቁን ስለሚያሳድዱ የውጭ ሰላዮች ነው። በሰሜን ገዳማት የተጻፈው ቀመር ወላይታ መጥቶ ልብሱን ብቻ ቀየረ ማለት ነው።

ለምን ወርቅ እንፈጥራለን? እውነተኛው ነገር አንሶን ነው? ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ወላይታን ሲወጋ ካዎ ጦና ተሸንፎ ተማረከ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙ ሕዝብም በምርኮ ተነዳ። ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋር አብሮ ነበር። ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ አሳተመ። በዋሻ የተደበቀ ብራና አይደለም፤ የታተመ የዓይን ምስክርነት ነው። የካዎ አማዶ ካብም ተደብቆ አያውቅም፤ በየዕለቱ በጎኑ እናልፋለን። የአንድን ግንብ ድንጋይ ማን ተሸከመ ብሎ የሚጠይቅ ልብ ወለድ ከስንት ሣጥን ወርቅ አይበልጥም?

ከሁሉ የሚበልጠው እንቆቅልሽ ደግሞ በገዛ ጸሎት ቤታችን ተቀምጧል። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ወደ ሶዶ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። በመካከሉ ጸሎት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ዋንዳሮን የመሰሉ ወንጌላውያን ታስረው ተገርፈዋል። አማኞቹ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበራቸውም። ምን ሆነ?

ጥሩ መርማሪ ከዚህ ይጀምራል። 10,000 ያለው ማን ነው? እንዴት ቆጠረ? አዎ፣ የራሳችንን ቁጥርም እንጠይቅ፤ እውነት ከሆነ ጥያቄ አይጎዳውም። ለታሰሩት ምግብ ተሸክመው የሄዱት ሴቶች ስማቸው ማን ነው? አማኞችን ለገዥዎቹ የጠቆመውስ ማን ነበር? ጠቋሚው በኋላ አምኖ ከጠቆመባቸው ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ቢሆንስ? ግርፋቱን ፈርቶ የካደስ አልነበረም? ይህ ሁሉ ልብ የሚያንጠለጥል አይደለምን?

ስለዚህ ታሪክ ማን ጻፈ? ሬይመንድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ብራያን ፋርገር በ1996፣ ፖል ባሊስኪ በ2009። ሦስቱም ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ሦስቱም በእንግሊዝኛ ጻፉ። ኢትዮጵያዊው የታሪክ ምሁር ጥበበ እሸቴም የአገራችንን የወንጌላውያን እንቅስቃሴ ታሪክ በእንግሊዝኛ ነው ያሳተመው። እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ ባይጽፉ ኖሮ ይህንንም አናውቅም ነበር። ግን የአያታችንን ምስክርነት ለማንበብ መዝገበ ቃላት መያዛችን ሊያሳፍረን አይገባም? ማንም አልደበቀብንም እኮ። እኛ አልጻፍነውም። የተደበቀ ነገር አንድ ቀን ሊገኝ ይችላል። ያልተጻፈ ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ በየወሩ ስንት ሽማግሌ እንደምንቀብር ደግሞ የሰንበት ማስታወቂያ ሲነበብ እንሰማለን።

የጣሊያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ጥቂት ቀርተዋል። ልጆቻቸው ግን አሉ። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ ተሰውረው የጸለዩት እናቶቻችንና አባቶቻችን ዛሬም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያመልካሉ። ሂዱና ጠይቋቸው!

ስለዚህ እያንዳንዱ የንባብ ክበብ እስከሚቀጥለው እትም አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት መርጦ እንዲጠይቅ እሞግታለሁ። አንድ ደብተርና በስልካችሁ የድምፅ መቅጃ ይበቃል። ያዩትንና የሰሙትን ለይታችሁ ጻፉ። ቦታውንና ዓመቱን ጠይቁ። ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አለመስማማታቸውንም ጻፉ። የሚያሳፍረንን አትዝለሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ኃጢአት አልዘለለም። ከዚያ በኋላ ልብ ወለድ መጻፍ የፈለገ ይጻፍ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀምጦ የሚያነብበን ይሁን። ልብ ወለዱ ግን ከምስክር ይወለድ።

ወንድማችን ባለፈው ወር አክስቱ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። እሳቸውም ይቅር ብለውታል፤ ምሳም አብልተውታል። እሱ ግን አሁንም የሚኖረው በጓደኛው ቤት ነው። ዕቃውን ይዞ ለመመለስ አፍሯል። ዘንድሮ ፈተናውን በድጋሚ ሊወስድ ተመዝግቧል። ወደ ንባብ ክበባችንም ተመልሷል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ወጣት በቴሌግራም የተላከለትን «የተደበቀ እውነት» ሲያነብልን፣ እጁን አውጥቶ የጠየቀው እሱ ነበር፦

«ጸሐፊው ምን አይቶ ነው?»